የዳኛዋ ባል

ሚስቴ የቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ ዳኛ ሆና በተመረጠች ዕለት ከሰው ሁሉ በላይ ያጨበጨብሁት እኔ ነበርሁ። ከፊት ወንበር ተቀምጬ፣ ግራና ቀኝ ላሉት ሰዎች፣ «መቼም ስንት ዘመን ልጅ አስተምራለች፤ ሰው መስማት ታውቅበታለች» እያልሁ ስኩራራ ዋልሁ። ቅናቱ የመጣው ኋላ ነው።

እኔ ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ ደብር ዜማ አስተምራለሁ። ከዳባት ገጠር ለትምህርት መጥቼ እዚሁ ቀረሁ፤ እዚሁ አገባሁ፤ እዚሁ ሸበትሁ። ሰፈሩ «የኔታ» ይለኛል። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ወንድማማች በውርስ ሲጣላ፣ የአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲያጋድል የሚንኳኳው የኔ በር ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጃፌ ካለው መደብ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀኝ ሰው አይጠፋም። ነገሩን እሰማለሁ፣ እገሥጻለሁ፣ አስታርቃለሁ። ሲሄዱ ገብቼ ለሚስቴ አጫውታታለሁ። እሷም የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች «እህ» ትለኛለች።

ከተመረጠች በኋላ በሩ መንኳኳቱን አልተወም። የተለወጠው ጥያቄው ነው። «የኔታ አሉ?» የሚለው ቀርቶ «ዳኛዋ ገብተዋል?» ሆነ። እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ እያዩኝ፣ «እንዴት ዋሉ የኔታ» ብለው አልፈውኝ ይገባሉ። እሷ ደግሞ ቤት ውስጥ ነገር አትሰማም። «በችሎት ቀን ቢሮ ይምጡ፤ ባላጋራዎ በሌለበት አልሰማዎትም» ብላ ትመልሳቸዋለች። ተመልሰው ሲወጡ እንኳ እኔ አጠገብ አረፍ የሚል የለም።

አንድ ቀን ፀጉሬን ልስተካከል ገብቼ ወረፋ እጠብቃለሁ። አንዱ ጎረምሳ ለጓደኛው በሹክሹክታ፣ «እሳቸውን ታውቃቸዋለህ? የዳኛዋ ባል ናቸው» ሲል ሰማሁ። ፀጉር ቆራጩ የሚጠይቀኝን እስክረሳ ድረስ ጆሮዬ ላይ ቀረ።

ማኅበራዊ ፍርድ ቤት የሚባለው ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሦስት የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም፤ የጎረቤት ክርክርና ጥቃቅን ነገር ያያሉ። ከሚስቴ ጋር የሚቀመጡት አንዲት ነርስና አንድ ጡረታ የወጣ የቢሮ ሠራተኛ ነበሩ። ጡረተኛው ረጅም፣ ሽክ ያለ ሰው ነው። ክረምት ላይ ዝናብ ሲይዛቸው ጥላውን ዘርግቶ እስከ በራችን ይሸኛታል። በመስኮት አያቸዋለሁ። አንድ ነገር ይላታል፤ ትሥቃለች። ለእኔ እንዲህ ከሣቀች ስንት ጊዜዋ ነው እያልሁ ቆሜ እቀራለሁ። ስትገባ ግን «ቆሎ አለ?» እላታለሁ እንጂ ሌላ አልናገርም።

በዚሁ መሐል የመተላለፊያው ነገር መጣ።

በሰፈራችን መንገድ ሲሰፋ የብዙ ሰው አጥር ወደ ውስጥ ተገፋ። ከተገፉት አንዱ የጽዋ ማኅበር ወዳጄ ነው፤ ድሮ ሹፌር የነበረ፣ ካረጀ በኋላ ከአስፋልቱ ዳር ትንሽ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ሰው። ሱቁ ፈረሰ። ግቢውም ጠበበ። እሱም ሱቁን ወደ ኋላ ሠራና የጠበበውን ለማካካስ የጎን አጥሩን ገፋ። የገፋው ደግሞ ከጀርባው ወዳለች ሴት ቤት በሚያስገባው መተላለፊያ ላይ ነው። ሴትዮዋ ከወለቃ ሸክላ እያመጣች ገበያ የምትሸጥ ናት። ያንን ሁሉ ድስትና ጀበና በጀርባዋ ተሸክማ በቆርቆሮውና በግድግዳው መሐል በጎኗ መሹለክ ሆነባት። ስንቱ ተሰበረባት።

ነገሩ መጀመሪያ የመጣው ወደ እኔ ነበር። ደስ አለኝ። ሁለት ሽማግሌ ጨምሬ ተቀመጥን። ወዳጄ እንባው እየመጣ፣ «እኔ የተወሰደብኝን ማን አየልኝ? ሜዳ ላይ ልውደቅ?» አለ። አንጀቴን በላኝ። ሴትዮዋን፣ «ትንሽ ታገሺው፣ ልጄ፤ ቀስ ብሎ ያነሣዋል» አልናት። እሱም አነሣዋለሁ አለ። ሳያነሣ ክረምቱ ገባ። እኛም እንደገና ልንቀመጥ ቀጠሮ ይዘን ሳለ፣ ሴትዮዋ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ከሰሰች።

የሰማሁት ከወዳጄ አፍ ነው። ቤቴ ድረስ ዘልቆ መጥቶ፣ «ምነው የኔታ? አንተ የያዝኸውን ነገር ሚስትህ ትወስደው?» አለኝ።

ማታ ሚስቴ ራት ስታቀርብ አፈነዳሁት።

«የያዝሁትን ነገር ከእጄ ነጠቃችሁኝ።»

«ማንም አልነጠቀህም። ሴትዮዋ መብቷ ነው። ብታስታርቋቸው ኖሮ መዝገቡ ይዘጋ ነበር፤ አሁንም ከቻላችሁ አስታርቁ።»

«ቀጠሮ ይዘን ነበር እኮ!»

«እስከ ቀጠሯችሁ ድረስ በየት ትግባ?»

እንጀራውን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ያናደደኝ ትክክል መሆኗ ብቻ አይደለም፤ ድምፅዋን ሳታነሣ መናገሯ ነው። እኔ ነበርሁ በዚህ ቤት ድምፄን ሳላነሣ የምናገር።

የችሎቱ ቀን ወዳጄ እኔን ምስክር ቆጠረ። አሮጌውን አጥር አውቀዋለሁ፤ ደግሞም ወዳጁ ነኝ፤ ያዳላልኛል ብሎ ነው። በቀበሌው ቢሮ የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሲጠሩኝ ገባሁ። ሚስቴ ከመሐል ወንበር ላይ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣፍታ ተቀምጣለች። በግራዋ ነርሷ፣ በቀኟ ያ ባለጥላ። አየችኝና ወደ ሁለቱ ባለጉዳዮች ዞረች።

«ተከሳሽ የቆጠሩት ምስክር ባለቤቴ ነው። ዝምድና ያለው ዳኛ መነሣት ስላለበት፣ እኔ ልነሣና ሌላ ሰው ይተካ። ምን ትላላችሁ?»

ሸክላ ሻጯ ፈጥና፣ «እርስዎ ካልሆኑማ ለምን መጣሁ!» አለች።

ወዳጄም፣ «ይቀመጡ። እርስዎ ለማንም አያዳሉም፤ ለሱም ቢሆን» አለ።

ስንት ዓመት አብረን ጽዋ ስንጠጣ፣ ስንት ነገሩን ስሸመግልለት፣ ለእኔ እንዲህ ያለ ቃል ተናግሮልኝ አያውቅም።  መጽሐፍ አቅርበው አስማሉኝ። እኔ ሰው የማስምል ሰው ነበርሁ።

«ስለ መተላለፊያው የሚያውቁትን ይንገሩን» አለችኝ። ቤት ውስጥ «አንተ» ነው የምትለኝ።

«ሰፊ ነበር» አልሁ።

«ምን ያህል?»

ወዳጄን አየሁት። ዓይኔን ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ልቤ ወደ ክፉ አዘነበለ፤ ልኩን አላስታውስም ብል ፍርዱ ይወላገዳል፤ ነገሩም ተመልሶ ወደ መደቤ ይመጣል ብዬ አሰብሁ። ግን የማልሁት ማሕላ ነበረ፤ ሴትዮዋም ከአጠገቤ ቆማለች፤ ሸክላውን የምትሸከምበት ገመድ ምልክት ከትከሻዋ ላይ ይታያል።

«የዚህች ሴት እናት ያረፉ ጊዜ ቃሬዛው የወጣው በዚያ ነው» አልሁ። «ተሸካሚዎቹ ጎን ለጎን ሆነው አልፈዋል። እኔ ከፊት እያዜምሁ ነበርሁ።»

«ዛሬ ቃሬዛ ያልፋል?»

«አያልፍም።»

ሦስቱም ዳኞች ተነሥተው ቦታውን ሊያዩ ወረዱ። ሰው ተከትሏቸው ጎረፈ፤ እኔም ከኋላ ተጎተትሁ። ሚስቴ ቆርቆሮውና ግድግዳው መሐል ገብታ በጎኗ አለፈች። ባለጥላው ሊያልፍ ሞክሮ ኮቱ ምስማር ያዘውና ሰው ሣቀ። እውነቴን ልናገር፣ እኔም ሣቅሁ፤ ከሁሉም አብልጬ።

ተመልሰው ሲፈርዱ አጥሩ ወደ ነበረበት ይመለስ አሉ። ወዳጄ ብድግ ብሎ፣ «እኔስ? እኔ የተወሰደብኝስ?» ብሎ ጮኸ። ሚስቴ እስኪጨርስ ጠበቀችውና እንዲህ አለችው፦

«ከፊትዎ ስለተወሰደው ቅሬታ ካለዎት ለሚመለከተው ቢሮ አቤት ማለት መብትዎ ነው። የሚሄዱበትን እኔ ራሴ አሳይዎታለሁ። ይህች ሴት ግን ምንም አልወሰደችብዎትም።»

ወዳጄ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እኔና ሁለቱ ሽማግሌዎች ያንን ሁሉ ጊዜ ስንመክር፣ ስንገሥጽ፣ ምሳሌ ስናበዛ፣ ያችን አጭር ቃል ያገኘ አልነበረም። ያን ዕለት የቀናሁት በወንበሯ አይደለም፤ በዚያች ቃል ነው። የኔ በሆነች ብዬ መንገዱን ሁሉ በልቤ ስደግማት ሄድሁ።

ወዳጄ አጥሩን አነሣ። ሚስቴም እንዳለችው የሚሄድበትን አሳየችው፤ አቤቱታውን አቀረበ፤ መልሱን እስካሁን እየጠበቀ ነው። ከዚያ ወዲያ በመንገድ ሲያገኛት ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ይነሣታል። ከእኔ ጋር ግን ማኅበር ላይ አብሮ መቀመጥ ተወ። አንድ ቀን ከበር አግኝቼ ያዝሁት።

«ምነው አያ፣ የፈረደችብህ እሷ፣ የተኮረፍሁት እኔ?»

«እሷ ዳኛ ናት፤ ዳኛ ይፈርዳል» አለኝ። «አንተ ወዳጄ ነበርህ።»

ቤት ገብቼ ይህንን ለሚስቴ ነገርኋት።  ሥራዋን አቁማ አየችኝ።

«ምን ሆነሃል? ሰሞኑን ልክ አይደለህም።»

«ያ ሰውዬ በጥላ የሚሸኝሽ ምንድን ነው?»

መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ እስክታነባ ሣቀች። «እሱ? የጉልበቱን ሕመም ሲነግረኝ ነው እኮ የሚመጣው! ቀንተህ ነው?»

«በሱ አይደለም» አልሁ።

«በማን ነው ታዲያ?»

 «በአንቺ» አልኋት። «ሰው ደጄ ድረስ መጥቶ አልፎኝ ይገባል። እኔ እንደ በረኛ ቁጭ ብዬ።»

ይህን ጊዜ አልሣቀችም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እኔ ስንት ዘመን ባንተ መደብ ስቀና እንደኖርሁ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ውጭ የምትሉትን ሁሉ ከመስኮቱ እሰማለሁ። የምለው ነበረኝ። አንድ ቀን እንኳ 'አንቺስ ምን ትያለሽ' ብለኸኝ ታውቃለህ? ፈተና የማርም መስሎህ ነው? ገጹን ሳልገልጥ ነበር የምሰማህ።»

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ለሁለታችንም ሻይ አፈላሁ፤ ሳልለምደው ስኳር አበዛሁበት። ሳታማርር ጠጣችው።

ከዚያ በኋላ ሸጋ ኑሮ ሆነ፣ ቅናቱም ተነቀለ ብል ውሸት ነው። የችሎቷ ቀን ሲደርስ ዛሬም ብቅ ይላል። ባለጥላውንም እስካሁን አልወደድሁትም። ግን ማታ ማታ እንነጋገራለን፤ ችሎት ላይ ያለውን አትነግረኝም፤ እኔ የያዝሁትን ስነግራት ግን የምትለውን እጠይቃታለሁ። አንዳንዴ የምትለው ስለሚበልጥ ያናድደኛል።

በቅርቡ ከአዘዞ አንድ ባልና ሚስት መጡ። ሊፋቱ ቋፍ ላይ የደረሱ ናቸው። መደቡ ላይ ተቀምጬ ነበርና እንደ ልማዴ ወደ ቤት እንዲያልፉ እግሬን ሰበሰብሁ። አላለፉም። ሴትየዋ ከፊቴ ቆማ፣ «የኔታ፣ እርስዎን ብለን ነው» አለች።

 አስቀመጥኋቸው። ከቅዳሴ መልስ እስከ ቀትር ሰማኋቸው፤ ባልየው ሲያለቅስ ዝም አልሁ፤ ሴትዮዋ ስትቆጣ ዝም አልሁ። ድሮ ቢሆን ገና በመጀመሪያው ምክሬን እጀምር ነበር። በመጨረሻ ራሳቸው ማውራት ጀመሩ። ተመካክረው፣ እስከ ፋሲካ አብረው ሊሞክሩት ተስማሙ። መረቅኋቸው።

ሊሄዱ ሲነሡ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ፣ «ለመሆኑ እኔን ማን ጠቆማችሁ?» አልኋቸው።

ባልየው ጫማዬን ሊስም ጎንበስ እያለ፣ «ዳኛዋ ናቸው» አለኝ። «ፍቺ የሚታየው በሌላ ፍርድ ቤት ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የኔታ ዘንድ ሂዱ፤ ከሳቸው የተሻለ ሰሚ የለም ብለው ነው የላኩን። እባክዎ፣ ያመስግኑልን።»

«እሺ፣ አመሰግንላችኋለሁ» አልሁ፣ ጥርሴን ነክሼ።