«መጣሁ» የማይባልበት ቤት

እኛ ቤት «መጣሁ» ማለት ክልክል ነበር። የከለከለችው እናቴ ናት፤ ምክንያቱ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ። አማርኛ የሚናገር ሰው ወጣ ብሎ ሊመለስ ሲል «መጣሁ» ይላል። ጀርባውን ሰጥቶ እየሄደ «መጣሁ»! ማንም ግራ ገብቶት አያውቅም። ወንድሜ ግን የሰማውን ቃል እንደወረደ ነው የሚወስደው። መጣሁ ያለ ሰው መምጣት አለበት፤ እየሄደ ከሆነ ዋሽቷል።

ዛሬ ኦቲዝም ይባላል። ያኔ በደርግ ዘመን አሰላ ውስጥ ይህን ስም የሰማ ሰው አላውቅም። ደግ የሆነው «የዋህ ነው» ይለዋል፣ ክፉው ሌላ ይለዋል፣ እናቴ ደግሞ በስሙ ትጠራዋለች። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ቁመናው መልካም ነው፤ ጠዋት ጠዋት የገብስ ቂንጬ በአንድ ሰማያዊ የብረት ሳህን ይበላል፣ ቅቤው ለብቻው ዳር ላይ ይቀመጥለታል። ከተነካካ አይበላም። ትከሻውን ድንገት ከነካኸው ያን ቀን አለቀ።

ክልከላው የመጣው ከአንድ የቀበሌ ስብሰባ በኋላ ነው። እናቴ ብቻውን አትተወውምና ይዛው ሄዳለች። ሊቀመንበሩ ንግግራቸውን አቋርጠው «መጣሁ ጓዶች» ብለው ወደ በሩ ሲያመሩ፣ ወንድሜ ብድግ አለና «ውሸት ነው! እየሄዱ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሊቀመንበርን በሕዝብ ፊት ውሸታም ማለት የት እንደሚያደርስ የማያውቅ አልነበረም። ሰውየው ዞር ብለው ትንሽ አዩትና «እውነቱን ነው፤ ሽንት ቤት ነው የምሄደው» አሉ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ ቤት እንደገባች ያን ቃል ከለከለችን።

የእናቴ እንቅርት ትንፋሽ እየከለከላት ሲመጣ፣ ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ጥገና እንድታደርግ ወሰነ። እሷ አሻፈረኝ አለች። ቢላውን ፈርታ አይደለም።

«እኔ እዚያ ብቀር ማን ያበላዋል?» ነበር የምትለው።

እኔ የሃያ አራት ዓመት ሴት፣ አስተማሪ ነበርኩ፤ አርባ ሕፃን ክፍል ውስጥ ቀጥ አድርጌ የምይዝ። አንድ ወንድሜን እንዴት ያቅተኛል? ተናደድኩ። «እኔ ሰው አይደለሁም?» አልኳት። ሁለት ሳምንት ስጨቀጭቃት ከርሜ እሺ አለች፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች። አንድ ቀን እንኳ ምግብ እንቢ ካለ እንድልክባት፣ ከአልጋም ቢሆን ተነሥታ እንደምትመጣ። እንደምታደርገው አውቃለሁ፤ ያሰበችውን የምትተው ሴት አይደለችም።

የይለፍ ወረቀቷን ከቀበሌ አወጣች። ልትሄድ ስትል ወንድሜ ፊት ቆማ፣ ሳትነካው፣ «እሄዳለሁ። ሁለት ቅዳሜ ገበያ ያልፋል። ከዚያ እመለሳለሁ» አለችው። እሱ ግድግዳውን እያየ «ሁለት ቅዳሜ» አለ። በቃ። አውቶቡሷ ስትነሣ አንድም ነገር አልሆነም። እኔም እናቴን ይህን ያህል ዘመን አንገት ያስደፋት ነገር ይሄ ነው እንዴ ብዬ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ናቅኳት።

በማግስቱ ጠዋት ረፍዶብኛል። አንድ እጄ ጃኬት ውስጥ፣ ደብተሮቹ በብብቴ፣ «መጣሁ!» ብዬ በሩን ዘግቼ ሮጥኩ። ያልኩትን እንኳ አላስተዋልኩም።

እኔ ትምህርት ቤት ስውል ወንድሜ የሚውለው ጎረቤታችን የሆኑት ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ነው። የተበላሸ ስፌት ይተረትርላቸዋል፤ ጨርቁን ሳይበሳ ክሩን ነቅሶ በማውጣት የሚወዳደረው የለም። የዚያን ቀን ግን ስመለስ የግቢያችን በር ላይ ቆሟል። የጭላሎ ተራራ ብርድ ያለበት ዝናብ ይወርዳል፤ እሱ ከላይ እስከ ታች ርሷል። ግባ ብለው አይገባም፣ ብላ ብለው አይበላም። ሌሊት እንቅልፍ ሲጥለው ብቻ ገብቶ ይተኛል፤ በማግስቱም እንደዚያው። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ በመጨረሻ ጮኽኩበት፤ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ መወዛወዝ ጀመረ። አርባ ሕፃን ቀጥ የማደርገው አስተማሪ ኩሽና ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በሦስተኛው ቀን ለአውቶቡስ ረዳት የምሰጠው ወረቀት ጻፍኩ። «እማዬ፣ አልበላም» ይላል፤ ሌላ የለበትም። ወረቀቱን ይዤ ስወጣ ልብስ ሰፊው አዩኝ። ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት እዚሁ ነው፣ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀሉ ነው የሚያወሩት።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ለእማዬ ልልክባት ነው ጋሼ። ሦስት ቀን ሙሉ አልቀመሰም።»

«እንዳትልኪ! ቀዶ ጥገናውን ጥላ ትመጣለች። አንቺ ስትወጪ ምን ብለሽው ነበር?»

«ምንም አላልኩትም።»

«ኣይ፣ ሰው ሲወጣ አንድ ነገር ይላል። አስቢ።»

አሰብኩ። ከዚያ ፊቴ ጋለ። «መጣሁ» ብያለሁ። ሰው መምጣቱን ሰምቶ ሊቀበል ወጥቷል። እኔ ሄጃለሁና መጣች የተባለችው እናቱ ናት ብሎ ነው የሚጠብቀው፤ ሌላ ማንን ይጠብቃል? መጣሁ ተብሏል፣ ሰው የለም፤ እንዴት ብሎ ይግባ?

ሽማግሌው ሳቁብኝ፤ ሳቃቸው ግን አያስከፋም።

«እኔ ለሶላት ስሄድ በኦሮምኛ ‹ዴሜን ዹፋ› እለዋለሁ። ሄጄ እመጣለሁ ማለት ነው። መጀመሪያ መሄዱ አለ፣ ከዚያ መምጣቱ። አንድ ቀን እንኳ ከቦታው ተነሥቶ አያውቅም። እናንተ አማርኛ ታሳምራላችሁ፤ እሱ የሚፈልገው ዹጋ ነው፣ እውነቱን።»

ወረቀቱን ቀደድኩት። በሩ ላይ የቆመው ወንድሜ ዘንድ ሄድኩና ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ለታላቅ ወንድሜ ይቅርታ ብዬ አላውቅም፤ ይገባዋል ብዬም አስቤ አላውቅም ነበር። ይህ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«ጋሽዬ» አልኩት፣ «መጣሁ ያልኩት ስሕተት ነው። እየሄድኩ ነበር። እማዬ አልመጣችም። ሁለት ቅዳሜ ገና አላለፈም።»

ጋሪ አለፈ፣ ሌላ ጋሪ አለፈ።

«ስሕተት ነው» አለ መንገዱን እያየ። ከዚያም «ቂንጬ» አለና ገባ።

ሁለት ሳህን በላ። ቅቤውን ሳይነካካ ዳር ላይ አስቀመጥኩለት። በሕይወቴ ለሰው ምግብ አቅርቤ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀላል ሆነ ብል ዋሸሁ አይባልም። ጠዋት ጠዋት ፊቱ ቆሜ «እሄዳለሁ። የሰባት ሰዓቱ የሬዲዮ ዜና ሳይጀምር እመለሳለሁ» እላለሁ። ዜናው የሚቀድመኝ ቀን እንዳይኖር ከትምህርት ቤት እሮጣለሁ፤ ባልደረቦቼ ባል አገባሽ እንዴ እያሉ ይቀልዱብኛል። ከሰዓት እኔ ደብተር አርማለሁ፣ እሱ እኛ በረንዳ ላይ የልብስ ሰፊውን ስፌት ይተረትራል። አንዳንዴ ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም ምንም አይናገርም። እንዲህ ያለ ዝምታ ውስጥ ከሰው ጋር መቀመጥ እንደሚጥም አላውቅም ነበር፤ ወድጄው ነበር።

ሁለተኛው ቅዳሜ አልፎ እናቴ መጣች። አንገቷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል፣ ድምፅዋ ሰልሏል። ወንድሜ ከላይ እስከ ታች አያት፣ ፋሻውን ትንሽ ጠጋ ብሎ አየ፣ ከዚያ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። እሷ መደቡ ላይ ተቀመጠችና አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ስንት ቀን ጠራኝ?» አለች።

ማንም ሰው ቢሆን ምን እንደሚመልስ አውቃለሁ፤ «ኧረ በየቀኑ!» ይላል። እናት ናት፣ ከቀዶ ጥገና ተነሥታ ነው የመጣችው። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሦስት ቀን በር ላይ ቆሞ ጠበቀሽ፤ ያንንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠራሽም። ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሠራል።»

ፊቷን አዞረች። ከፋት ብዬ ደነገጥኩ።

«ያለ እኔ በላ?»

«ያለ አንቺ በላ፣ እማዬ።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

እንባዋ ፋሻው ላይ ወረደ። ቁስሉን በእጇ ደግፋ እየሳቀችም ነበር። ከዚያ ወደ በረንዳው እያየች፣ በዚያ በሰለለ ድምፅ፣

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ከእኔ በፊት እሱን ውሰድልኝ› እያልኩ ነበር የምጸልየው» አለች። «የገዛ ልጄን። ከዛሬ ጀምሮ አልልም።»