ምንም የሌለበት መርፌ

ጋሽ ሉልሰገድ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተወልደው፣ እዚያው አግብተው፣ ሚስታቸው ሲሞቱ አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ልብስ ሰፊ ናቸው። እኔ አጠገባቸው ክርና ቁልፍ እሸጣለሁ። ክፉ አይደሉም፤ ጆሯቸው ግን የሰማውን ሳያጣራ በቀጥታ ወደ ሆድ ይልካል።

ልጃቸው ፀደንያ ለአንድ ክለብ ትሮጣለች። ልምምድ ላይ የሚቀድማት የለም። ውድድር ሲቃረብ ግን እንቅልፍ እምቢ ይላትና ዓይኗ ቀልቶ ሄዳ ከኋላ ትቀራለች። አባቷ ጠበሉንም፣ ትኩስ ወተቱንም ሞከሩላት፤ ጠብ ያለ ነገር የለም።

አንድ ቀን ሱቄ ገብተው ወንበር ላይ ዘጭ አሉ።

«ልጄ መርፌ ጀመረች።»

ክው አልኩ። ሯጭ መርፌ ጀመረች ሲባል ሰፈራችን የሚያውቀው ያንን የተከለከለውን፣ ጉልበት የሚጨምረውን ብቻ ነው። አምና ከክለቧ አንዲት ልጅ በዚሁ ታግዳለች።

«ማን ነገረዎት?»

«ራሷ ናታ! ለእንቅልፍ ነው አለችኝ። መርፌው ምን አለበት ብላት፣ ‹ምንም የለበትም› አለችኝ። ሰማህ? ሁሉም እየተወጋ እኔ ብወጋ ምን አለበት ማለቷ እኮ ነው!»

እኔም የገባኝ እንደዚያው ነው። ደግሞስ ለእንቅልፍ ከሆነ ለሩጫ ምን ይረባል? ተኝቶ የሚሮጥ አለ? ባወራን ቁጥር ይብሱን ግራ ገባን፤ እንደተደናገርን ተያይዘን አሰልጣኟ ዘንድ ሄድን።

አሰልጣኝ ብርሃነ ከሯጮቹ ጋር ቆሟል። ጋሽ ሉልሰገድ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ፣ «ልጄ መርፌ እየተወጋች ነው፤ ሳትዋረድ ከቡድኑ አስወጣልኝ» አሉ። ሯጮቹ ሁሉ ዞረው አዩን።

ብርሃነ ነገሩ ሲገባው ሊስቅ ብሎ ሳቁን ዋጠው።

«ጋሼ፣ የላክኋት እኔ ነኝ። የቻይና መርፌ ነው። ውስጡ መድኃኒት የለም፤ ቆዳ ላይ ይሰካና ይነቀላል። አንዳንዱን ሯጭ ያረጋጋዋል፣ አንዳንዱን ምንም አያደርገውም። እሷ ግን እንቅልፍ ይወስደኛል ትላለች።»

«ምንም የለበትም ያለችው… ባዶ ነው ማለቷ ነው?»

«ባዶ ነው።»

«ባዶ ከሆነ ለምን ይወጋል?»

ብርሃነ «ኑ፣ አሁንም እዚያው ናት፤ ራሳችሁ እዩት» ብሎ እዚያው ፒያሳ ወዳለው ሕክምና ቤት ይዞን ሄደ። ፀደንያ ግንባሯና እጇ ላይ ቀጫጭን መርፌ ተሰክቶ፣ አፏን ከፍታ ለጥ ብላለች። አባቷ እንዲህ ስትተኛ ካዩ ስንት ዘመናቸው! እንባቸው መጣ። መርፌው ተነቅሎ ስትነቃ፣ በደስታቸው ብዛት ሁሉን ዘረገፉላት፤ ክለብ መሄዳቸውን፣ በሯጮቹ ፊት ያሉትን፣ እንደ ቀልድ አድርገው።

ፀደንያ አልሳቀችም።

«አባዬ፣ ብሸነፍ ሰነፍ፣ ባሸንፍ መርፌ ተወግታ ነው ይሉኛል እያልኩ እኮ ነው እንቅልፍ የማጣው። ሰው ይላል ብዬ ነበር። አንተ ትላለህ ብዬ ግን አላሰብኩም።»

ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ቀድማን ወጣች። ከዚያ ወዲህ የምታድረው ክለብ ነው።

ነገ ውድድር አላት። ጋሽ ሉልሰገድ የሱቄ በር ላይ ቆመው «ተኝታ ይሆን?» ይሉኛል። እኔ በምን አውቄ? ደውለው ሊጠይቋት ፈርተዋል።