ምድጃው ላይ የተሰቀለው ኮረሪማ

እህቴ ከዐረብ አገር ስትመለስ ትልቅ ሻንጣና ምግብ የማይቀበል ሆድ ይዛ መጣች። ጎረቤቱ የጠየቀው ስለ ሻንጣው ነው።

የእናታችን ቤት ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ ሲወረድ፣ ብርዱ ጥቂት የሚላላበት ቦታ ላይ ነው። እናቴ ኮረሪማ እየወቀጠች በሙቅ ውኃ ታጠጣታለች፤ ሆዷ ላይ የሚረጋው እሱ ብቻ ነበር። ዐረብ አገር አብራት ትሠራ የነበረች፣ አሁን አገሯ ከፋ የገባች ጓደኛዋ ይህን ስትሰማ፣ «ከምትገዢው ለምን አትዘሪውም?» ብላ እሸት ኮረሪማ በአውቶቡስ ላከችላት። እኛ የምናውቀው ከገበያ የሚመጣውን የደረቀውን ነው፤ ይሄ እንደ ሚጥሚጣ የቀላ፣ ገና እርጥበቱ ያልደረቀ ነበር።

«ይሄ ከበቀለልኝ ተመልሼ ዐረብ አገር አልሄድም፤ ሊልከኝ ለሚደውለው ደላላ እንደዚያ በሉት» አለች እህቴ። ቀልዳ ይሆናል። እናቴ ግን ቀልድ አልሰማችም።

እኔ ነገሩን አጣጣልኩት። ኮረሪማ የጫካ ጥላና የማያቋርጥ እርጥበት የሚፈልግ የዝንጅብል ዘመድ ነው፣ የእኛ አገር ደግሞ ድንጋይና ነፋስ ነው አልኩ። እናቴ፣ «አንተ ደግሞ መቼ ነው አንድ ነገር ይሆናል ያልከው?» አለችኝ።

ያን ሰሞን እህቴ ለሕክምና ደሴ ሄዳ ሰነበተች። ፍሬውን ለእናቴ አደራ ሰጥታ ነበር። በእኛ ቤት ደግሞ ዘር የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ነው፤ የተመረጠው የማሽላ ራስ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፣ ጭሱ ነቀዝ አያስጠጋውም። እናቴ ኮረሪማውን በክር ሰክታ ከማሽላው መሃል፣ ጭሱ ከሚበረታበት ሰቀለችው። ከልጇ የሚበልጥ ዘር አልነበራትምና ከሁሉ የተሻለውን ቦታ ሰጠችው።

እህቴ ስትመለስ እናቴ አውርዳ አሳየቻት። ጠቁሯል፣ ተጨማዷል።

«ተመልከቺ፣ አንዲት እንኳ አልነቀዘችም!»

«እጅሽ ይባረክ እማ» አለች እህቴ።

ዝናቡ ሲገባ ከምንጩ አጠገብ፣ ከግራዋው ጥላ ሥር ዘሩት። አረም በቀለ። ጎመን በቀለ። ማንም ያልዘራው ዱባ ሳይቀር በቀለ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እህቴ ከጓሮ ሆና ኮረሪማው አልበቀለም ብላ ጓደኛዋ ጋ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ ስላደረገችው እኔም እሰማለሁ።

«እስክትዘሩት የት አስቀመጣችሁት?» አለች ጓደኛዋ።

«ከምድጃ በላይ። ጭስ ላይ።»

ወዲያ ማዶ ሳቅ ፈነዳ። «የኔ እናት፣ እኛ ጭስ ላይ የምናደርቀው ለገበያ ነው! የሚዘራውማ ከነእርጥበቱ ነው። እሱ አሁን ወጥ ውስጥ ነው የሚገባው። በይ ለከርሞ እልክልሻለሁ።»

እህቴም አብራ ሳቀች፣ ከዚያ ስልኩን ዘጋች።

«ለእማ ንገሪያት» አልኳት።

«ምን ብዬ ወንድም ዓለም? ልታስቀሪኝ ብለሽ ዘሩን አድርቀሽ ሸኘሽኝ ልበላት?»

«ለከርሞ ቆዪና ዝሪው።»

«ከርሞ ድረስ በዚህ ቤት ስጎርስ አፌን ስታዩ ልኑር?»

ልጆቻችን የሚሄዱት በድህነት ነው ሲባል ሁልጊዜ ይደክመኛል። እህቴን እንዲያ አላየኋትም። ማዕድ በቀረበ ቁጥር ሁላችንም ጉርሻዋን እንከታተል ነበር፤ ስትውጥ እፎይ እንላለን፣ ስትተው እናቃስታለን። እዚያ ቢያንስ ብትበላም ባትበላም የሚያያት የለም። ደላላው በደወለ ጊዜ ከተቀመጠችበት ፈጥና ተነሣች።

ለእናቴ፣ «ኮረሪማ ይዘገያል እማ፣ አትቆፍሪው» ብላት ሄደች። ሆዷ ስትመጣ እንደነበረው ነው።

አሁን ኮረሪማው የተዘራበት መደብ ዙሪያውን በእሾህ ታጥሯል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ከምንጩ እየቀዳች ታጠጣዋለች፤ ዶሮ ከቀረበ ድንጋይ ታነሣለች። እህቴ ስትደውል ለእናቴ ስልኩን የምይዝላት እኔ ነኝ።

«አፈሩ ትናንት ትንሽ ስንጥቅ አለ መሰለኝ» ትላለች እናቴ።

«እሱ ነው እማ፣ አትነካኪው። አብሽሪ።»

«በላሽ ግን?»

«በላሁ።»