በሁለት እግሯ እስክትነሣ

የሥራ ባልደረቦቹ «እግሬ አውጪኝ» ነው የሚሉት። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሠራሽ እግር ሲሠራ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይባል? እሱም ቅር ብሎት አያውቅም። ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀሶ እያቦካ፣ ፕላስቲክ በምድጃ እያለሰለሰ፣ በሞረድ እየሞረደ ስንቱን ከተቀመጠበት አስነሥቷል። የዛሬን አያድርገውና፣ ሲቀልድም የሚችለው አልነበረም።

ዛሬ ግን ሚስቱ ሞታለች። ወራት ሙሉ ጉበቷ ሲያሠቃያት ቆይቶ ጠዋት ላይ ዐረፈች። ሴቶቹ ገላዋን አጥበው ሊገንዙ መኝታ ቤት ገብተዋል። እሱ ሳሎን ውስጥ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ተቀምጧል። ታላቅ እኅቷ በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለችና የሟችን ሰው ሠራሽ እግር የት እንዳስቀመጠው ጠየቀችው። ልትገጥምላት ነው።

«እኅቴ ጎዶሎ ሆና አትቀበርም» አለችው። «አምጣው በል፣ ወንድሜ።»

እሱ እስቲ ትንሽ ታገሡኝ አለ። እግሩ እዚያው አጠገቡ፣ ከወንበሩ ጀርባ ነበር። ግን እጁን ሰዶ ማንሣት አቃተው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሚስቱ ገና በልጅነቷ መኪና ገጭቷት ግራ እግሯን ከጉልበት በታች ያጣች ናት። እሱ ዘንድ የመጣችው እግር ልታሠራ ነው። ያን ዕለት ይህችው ታላቅ እኅቷ፣ ሰው ፊት ስትቀርብ ታምርልኝ ብላ፣ ተረከዝ ያለው ጫማዋን አውሳት ነበር። እሱ ደግሞ ዓይን ዓይኗን ሲያይ የሰው ጫማ ለክቶ እግሩን በዚያው ተረከዝ ልክ ሠራላት። ሁልጊዜ የምታደርጊው ጫማ ይኸው ነው ወይ ብሎ መጠየቅ የሙያው ሀሁ ነው፤ ግን ማን ያስታውሰው! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። በሳምንቱ ተረከዝ የሌለውን የራሷን ጫማ አድርጋ ከተፍ አለች፤ ወደ ኋላ ይጥለኛል ብላ። አስተካከለላት። ደግማ መጣች፤ አሁንም አስተካከለላት። ኋላማ እሷ ምንም ያልሆነውን እግር ይዛ መምጣት፣ እሱም ምንም ያልሆነውን እግር መፍታትና መግጠም ሆነ ሥራቸው። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ተጋቡ። ልጅ አልሰጣቸውም። እግር ግን አምስት ሠራላት፤ ሲያረጅ እየቀየረ፣ ስትወፍር እያሰፋ፣ በሽታው ሲያከሳት ደግሞ ሆዱ እያረረ እያጠበበ።

እሷ ታዲያ ቧልት ይወጣላት ነበር። ስለ ተቆረጠችው እግሯ የጠየቃት ሁሉ፣ ቀድማኝ ሄዳ ቦታ ይዛልኛለች የሚል መልስ ነው የሚያገኘው። የሙታን ትንሣኤ ላይ ግን ቧልት የለም። በዚሁ በሥጋዬ እነሣለሁ፣ እግሬም ከነጣቶቿ ትመለስልኛለች ስትል ፊቷ ይበራ ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው የእግሩን ማሰሪያ እየፈታላት ሳለ፣ ስሞት ይኼን እግር እንዳታደርግልኝ አለችው፤ የጌታን ሥራ በጀሶ ላግዝ እንዳትል አለችው። ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። እሺ አለ፤ ትሞትብኛለች ብሎ ማን አስቦ!

አሁን ያንን እሺታ የሚያውቁት እሱና ሟች ብቻ ናቸው። እኅትየው አምጣ ትለዋለች፤ የገዛ ሆዱም ስጣት፣ ስጣት ይለዋል። አምስተኛው እግር በዕድሜው ከሠራቸው ሁሉ የሚበልጠው ነው። የእጁን ሥራ ይዛ ብትሄድ ምን አለበት? ከዚህም የባሰ፣ ለማንም ያልተናገረው ፍርሃት አለበት። ወደ እሱ ያመጣቻት ያቺ የጎደለችው እግር ናት። ሙሉ ሆና ከተነሣች እሱ ከዚያ በኋላ ምኗ ነው? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ አበው። ለአበው ምን አለባቸው፤ ይህን ሲሉ ሬሳ ቤታቸው አልተኛም ነበር።

ቄሱ ሲመጡ ወደ ግቢው ጥግ ወስዶ ሁሉንም ዘርግፎ ነገራቸው። ሽማግሌ ናቸው። ጌታ ከሞት ሲነሣ የሚስማሩ ምልክት በእጆቹ ላይ እንደነበረ፣ ምልክቱንም ለወዳጆቹ እንዳሳያቸው አስታወሱት። እሱም ፈጠን ብሎ፣ እንግዲያው የእሷስ ጉድለት ይቀር ይሆን ብሎ ጠየቃቸው። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ደነገጠ። ሚስቱ ጎዶሎ ሆና እንድትነሣ እየለመነ ነበር! መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

ቄሱ ክንዱን ያዝ አደረጉት።

«የጎደለው ይሞላል፤ የወደዳችሁትን ትረሳላችሁ ግን አልተባልንም» አሉት። «ከዚህ በላይ እኔም አላውቅም፣ ልጄ።»

ልቡ ዐረፈ ብል ውሸት ነው። አላረፈም። ቢሆንም ዕንባውን በእጁ መዳፍ ጠርጎ ገባና እኅትየውን ጠራት።

«በአንድ እግሯ ትተኛ፣ እትዬ። ቃል አስገብታኛለች። በሁለት ነው የምትነሣው።»

ሴትየዋ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ፊቱን ስታይ ግን ተወችውና በነጠላዋ ጫፍ ተሸፍና አለቀሰች። ለጥቂት ጊዜ ከሟች ጋር ብቻውን እንዲተዉት ለመናቸው፤ ሴቶቹም ተራ በተራ ወጡ።

ከአልጋው ግርጌ ተቀመጠ። አንሶላውን ገለጥ አድርጎ ከጉልበቷ በታች የቀረውን በመዳፉ ያዘው። ቆዳው የእሱ ሥራ ሲፈገፍገው ኖሮ የደነደነ ነው። በስንት ቅባት ሲያሸው የኖረው ገላ አሁን እጁ ላይ ቀዝቅዟል። ያኔ ነው ሆድ የባሰው፤ ድምፁን ሳያወጣ አለቀሰ። ሲበቃው ተነሥቶ መልሶ አለበሳትና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«ያን ሁሉ እግር ስሠራልሽ፣ በራስሽ እግር ስትሄጂ አንድ ቀን እንኳ አላየሁሽም» አላት። «እኔ የማውቀው ይኼን የዚህን ቤት ኮቴሽን ነው፤ አንዱ ጠበቅ፣ አንዱ ላላ የሚለውን። ያን ቀን በሁለቱም ደልደል ብለሽ ስትመጪ በኮቴሽ ላልለይሽ እችላለሁ። እንዳትቀየሚኝ። አንቺ ጥሪኝ።»