ዕድሜያቸው ያልተጻፈ

ኢንሹራንስ በኮምፒውተር የሚያሰሉ ሰዎች ጉባኤ ላይ ውሃ ሳድል ያየሁት ሰው እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ሸምገል ያለ ነው፤ የኮቱ አንድ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር ተተክሏል፣ ራሱ የሰፋው ይመስለኛል። ኮምፒውተሩን ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል።

«እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አለኝ።

«የጻፈው የለም ልጄ፤ አንተው ገምተህ ሙላልኝ» አልኩት፣ ቅጽ የሚሞላ መስሎኝ።

ፊቱ ጠቆረ። «እኔማ ፕሮግራሜን ዕድሜ ያልተጻፈለትን ሰርዝ ብዬ አዘዝኩት። እንደ እርስዎ ዕድሜያቸው ያልተጻፈ አራት ሺህ መበለቶች ካሳቸው ቀረ። አሁን መድረክ ላይ ልናገረው ይሆን?»

አንጀቴን በላው። «ተወው፤ በሰው ፊት ራስህን አታዋርድ» አልኩት።

«እሺ እማማ» ብሎ ወደ መድረኩ ወጣ። ስለ መበለቶቹ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ ተጨብጭቦለት ወረደ።

የወለድኳቸው እንኳ ምክሬን ሰምተውኝ አያውቁም፤ እሱ ግን ሰማኝ።