ነፋሱ ገጹን የገለጠ ቀን

ተማሪዎቹ «ቲቸር ደወል» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት እንዲያው አይደለም፤ የትምህርት ቤታችን ደወል ቢሰበር እሷን በረንዳ ላይ ማቆም ይበቃል። አራተኛ ክፍልን ንባብ ታስተምራለች። እኔ አጠገቧ ባለው ክፍል ሂሳብ አስተምራለሁ። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ እኔ ስለ ክፍልፋይ ሳወራ የሷ ልጆች ስለ አንበሳ ይጮኹብኛል። ለምደነው ኖረናል።

በወረርሽኙ ሁለት ዓመት የተዘጋው ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ልጆቹ ምንም እንዳልተፈጠረ በየዕድሜያቸው ክፍል ተቀመጡ። የኔዎቹ መደመር እንኳን ጠፍቷቸው ነበር። ደወል ግን ደረቷን ነፍታ «የኔዎቹ መጽሐፉን እንደ ውሃ ነው የጠጡት» አለችኝ። እውነትም ብዙም ሳይቆዩ የአንበሳውን ታሪክ በኅብረት እያነበቡ መንጫጫት ጀመሩ። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው የገዛ ልጇ፣ ድምቡሼ የምንላት፣ ትጀምራለች፤ ሌሎቹ ይከተሏታል።

አንድ ጠዋት ጠመኔ ልበደር ገባሁ። ንባቡ ደርቷል። በተሰበረው መስኮት የገባ ነፋስ የድምቡሼን መጽሐፍ ገጽ ገለበጠውና ከአንበሳው ታሪክ ወደ ንቦቹ ታሪክ ወሰደው። ልጅቷ ዓይኗን እንኳን አላነሳችም፤ ንቦቹን እያየች ስለ አንበሳው ማንበቧን ቀጠለች። ከኋላዋ ያለውማ መጽሐፉን ጭራሽ አልከፈተውም፤ ድምፁ ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ክው አልኩ። የመጣሁበትን ጠመኔ ረስቼ ወጣሁ።

በእረፍት ነገርኳት። «ቀንተሽ ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

በዚያው ሳምንት ዳይሬክተሩ ሰበሰበንና የማካካሻ ትምህርት ልንጀምር ነው አለን። እያንዳንዱ ልጅ አይቶት የማያውቀውን አንድ ገጽ ለብቻው ያነባል። ከዚያ የየጠዋቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ክፍልና ዕድሜ የለውም፤ ፊደል ያልለየ ከፊደል፣ ቃል ያልያዘ ከቃል ይጀምራል።

ደወል ብድግ አለች። «የአራተኛ ክፍል ልጆቼን ከጨቅላ ጋር? በመቃብሬ ላይ! ከፈለጋችሁ ከኔዋ ጀምሩ። እሷ ካላነበበች ጠመኔዬን አስረክቤ ቤቴ እገባለሁ።»

ከሷ ጀመርን። ፈታኟ እኔ ነበርኩ፤ ቦታው የተሰባበሩ ወንበሮች የተከመሩበት ዕቃ ቤት። እናትየው በሩን ተደግፋ ቆመች። ጫማ ይዞ ስለጠፋ ቡችላ የሚያወራውን ወረቀት ለድምቡሼ ሰጠኋት። ልጅቷ ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እንደ እናቷ ድምጿን ከፍ አድርጋ ጀመረች።

«በአንድ ጫካ ውስጥ አንድ አንበሳ ይኖር ነበር።»

ወረቀቱ ላይ አንበሳ የሚባል የለም። ልጅቷ አላቆመችም፤ አንበሳው ተራበ፣ ጥንቸሏን አገኘ፣ ነጥብ እንኳን ሳይዛነፍ ሄደች።

«ድምቡሼ! ወረቀቱን እዪው እንጂ!» አለች እናትየው።

ያኔ ልጅቷ ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ላይ አደረገች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለም። ዞር ብዬ ደወልን አየኋት፤ እሷም አፏ ተከፍቶ ድምፅ የላትም። እንዲህ ዓይነት ዝምታ ከዚያች ሴት እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ቤት ታነቢልኝ የለ?» አለች በመጨረሻ፣ በማላውቀው ቀጭን ድምፅ።

«ታላቅ እህቴ እያነበበችልኝ በቃሌ ያዝኩት፣ እማዬ። ከሥራ ስትመጪ አልጋው ላይ ጋደም ብለሽ ‹በይ አንብቢልኝ› ትያለሽ፤ ከዚያ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ።»

ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ደመወዝ ሲቆም ደወል ልብስ ማጠቢያ ቤት ገብታ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ውስጥ አንሶላ ስታጥፍ ትውልና ወገቧን ይዛ ነበር የምትመለሰው።

«ታዲያ ምነው አትነግሪኝም፣ የኔ ልጅ?»

«በጣም ደስ ይልሽ ነበራ።»

ደወል መደገፊያው የተሰበረ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። እኔ ተናደድኩ። በማን እንደሆነ ግን ዛሬም አላውቅም፤ በልጅቷ አይደለም፣ በእናትየውም አይደለም። ሁሉንም ስንፈትን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክፍል አንበሳውን ይዞ መጣብኝ። አንዱማ ወረቀቱን ገልብጦ ይዞት ነበር።

ጠመኔዋን ታስረክባለች ብዬ ስጠብቅ፣ ደወል ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብታ ማንም የማይፈልገውን የፊደል ቡድን ለመነች። ከካርቶን የቆረጠቻቸውን ፊደላት ወለል ላይ በትና፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ትላለች። በኅብረት መጮህ ቀረ፤ አንድ ልጅ፣ አንድ ቃል። ድምቡሼ ትንንሾቹ መሃል ጉልበቷ አላስቀምጥ ብሏት ትቁነጠነጣለች። ከግድግዳው ማዶ የሚመጣው ጸጥታ ለረጅም ጊዜ አስጨንቆኝ ነበር፤ ሂሳብ ማስተማር እንኳን አቃተኝ።

ባለፈው በእረፍት ሰዓት ጠመኔ ልበደር ብቅ አልኩ። እናትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። ያቺው የቡችላው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች። ድምቡሼ ጣቷን እየጎተተች «ቡ... ች... ላ... ው» ትላለች፣ ላቧ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሏል። ደወል ደክሟት ይሁን ደስ ብሏት እንጃ፣ ዓይኗን ከደን አደረገች። ልጅቷ ቀጥ አለች።

«እማዬ፣ አትጨፍኚ።»

«እየሰማሁሽ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ስትጨፍኚ ግን አንበሳው ይመጣብኛል።»

ደወል ዓይኗን ከፈተች። ድምቡሼም ጣቷን ካቆመችበት አንስታ ወደሚቀጥለው ቃል ሄደች።