የማያውቋቸው ሰዎች ለቅሶ

መሥሪያ ቤታችን ጦርነት ያፈናቀላቸውን ቤተሰቦች መልሶ ያቋቁማል። እንዲህ የሚለው በራችን ላይ ያለው ሰሌዳ ነው። በሠራሁባቸው ሁለት ዓመታት በዓይኔ ሲቋቋም ያየሁት አንድ የቅጽ መደርደሪያ ብቻ ነው፤ እሱም ግድግዳ ተደግፎ። እኔ ከመቀጠሬ በፊት የተሠራ ነገር ካለ አላውቅም።

እኔ በገባሁ ሰሞን ለየቤተሰቡ አምስት አምስት እንቁላል ጣይ ዶሮ አደልን። ቤተሰቦቹ የሚኖሩት ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፉ መንገዶች ዳር፣ አንድ አንድ ክፍል ተከራይተው ነው። አንዲት እናት ካርቶኑን ተቀብላ ወደ ውስጥ ካየች በኋላ፣ አልጋው ላይ የሚተኙት ዶሮዎቹ ናቸው ወይስ ልጆቿ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ማስታወሻዬ ላይ «ተጠቃሚዋ የቦታ ጥበት መኖሩን ገልጻለች» ብዬ ጻፍኩ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ነው።

ሥራዬ የቤት ለቤት ጉብኝት ነበር። እንደ እኔ ላለ ዓይናፋር ሰው ከባድ ሥራ ነው፤ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። ደግነቱ ቅጽ አለ። ቅጹን ፊቴ ላይ አድርጌ አነባለሁ፣ የሰዎቹን መልስ ሳጥኖቹ ውስጥ አስገባለሁ፣ አመስግኜ እወጣለሁ።

ከምጎበኛቸው ቤቶች አንዱ በሸዋ በር ገባ ብሎ ያለ ግቢ ውስጥ ነበር። እዚያ የሚኖሩት አንዲት አሮጊት፣ ምራታቸውና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። ጦርነቱ ከሰሜን አፈናቅሏቸው፣ የምራትየው ወንድም ሐረር የቀን ሥራ ይሠራል ሲባል ሰምተው ነው የመጡት። አሮጊቷን እማማ እላቸው ነበር። እላቸው ነበር ልበል እንጂ ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስቴም አላገኘኋቸውም።

በሦስተኛው ጊዜ ምራትየው አንገቷን ደፍታ ለቅሶ መሄዳቸውን ነገረችኝ። ማን ሞቶ እንደሆነ ጠየቅኳት። እሷም አታውቅም፣ እሳቸውም አያውቁም። የእድር ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይወጣሉ፤ ድንኳን ወዳዩበት ይገቡና ያለቅሳሉ። ቁርአን በሚቀራበት ቤትም ገብተው ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። የግቢው ልጆች «እማማ ጡሩምባ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። ምራትየው ይህን ስትነግረኝ በሐፍረት የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥር ነበር።

ቅጻችን ላይ «ያልተለመደ ባህርይ» የሚል ሳጥን አለ። ምልክት አደረግኩበትና ከሥሩ «የማያውቋቸውን ሰዎች ለቅሶ ይሄዳሉ» ብዬ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል።

አስተባባሪያችን ሲያነበው ፊቱ በራ። ለሥነ ልቦና ድጋፍ የተያዘው እቅድ ዓመቱን ሙሉ ሰው ሳያገኝ ቆይቶ ነበር፤ የኛ ተፈናቃዮች ቤት ኪራይና ሥራ እንጂ አማካሪ አልጠየቁማ። ጥሩ ኬዝ አገኘሽ ብሎ አመሰገነኝ። በመሥሪያ ቤታችን ውስጥ በአደባባይ የተመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አማካሪዋ ከአዲስ አበባ ለሳምንት መጣች። እማማን የስብሰባ አዳራሻችን ውስጥ አስቀምጣ ወረቀትና ባለቀለም እርሳስ ሰጠቻቸውና ቤታቸውን እንዲስሉ ጠየቀቻቸው። እማማ እርሳሱን አገላብጠው አዩት። «የትኛውን? የተቃጠለውን ነው ወይስ የሰው የሆነውን?» አሏት። አማካሪዋ የጻፈችው ምክር ግማሽ ገጽ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ሐዘን ከሚቀሰቅስ ቦታ ይራቁ የሚል ነው። ይህን ለእማማ አስረድቶ ማስፈጸም የኔ ድርሻ ሆነ።

በማግስቱ ልነግራቸው ስሄድ ሸዋ በር፣ ከሚኒባሶቹ መካከል አገኘኋቸው። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል። አብሬያቸው እየሄድኩ፣ በረዳቶቹ ጩኸት መሐል፣ ለጤናቸው ሲባል ከለቅሶ ቢቀሩ የሚሻል መሆኑን ነገርኳቸው። በዚያ ጫጫታ ይሰሙኛል ብዬም አላሰብኩም።

ሰምተዋል። ቆሙና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«እኔን ማን ይቀብረኛል ልጄ? መሥሪያ ቤትሽ?»

መንገዱ ዳር፣ አንድ የሽንኩርት ጆንያ አጠገብ ቆመን ነገሩን ነገሩኝ። ባላቸው የሞቱት ሲሸሹ መንገድ ላይ ነው። ስማቸውን እንኳ ያልጠየቋቸው ሁለት መንገደኞች በአንድ ዶማ ቆፈሩላቸው። ቄስ የለ፣ ድንኳን የለ፤ አልቃሽ ቢባል ራሳቸው ብቻ፣ እሱም እየተራመዱ። አፈር ሲመለስ ቆመው እንኳ አላዩም፤ ልጆቹ ወደፊት እየተጎተቱ ነበር። ሐረር ከገቡ ጀምሮ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ የሰፈሩ እድር እንዲመዘግባቸው። የእድሩ ዳኛ የነዋሪ መታወቂያ አምጡ አሏቸው። መታወቂያ ካወጡ ደግሞ እኛ ዘንድ «የተቋቋመ» ይባሉና የልጆቹ የእርዳታ ስንዴ ይቆማል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄዱ ዳኛው ሰልችቷቸው፣ ደግሞስ ሰው መሆንዎን በምን እናውቃለን፣ ለቅሶ ሲደርሱ አላየንዎትም አሏቸው።

«እሳቸው ለማባረር ነው ያሉት። እኔ ግን ቃላቸውን ይዤ ሄድኩ» አሉኝ እማማ። «አሥራ አንድ ለቅሶ ደርሻለሁ። ዛሬ አሥራ ሁለተኛው ነው፤ አሁን አንቺ ታስቀሪኛለሽ።»

ጥለውኝ ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ፣ በቅጹ ላይ ያሰፈርኩትን ቆንጆ ጽሑፌን አሰብኩ። ለቅሶ የማይደርስ ሰው ቀባሪ እንደማያገኝ እናቴ ቤት ሁሉም የሚያውቀውን እኔ ተምሬ ረስቼው ነበር።

በመታወቂያው ፈንታ ለእድሩ የሚሆን የዋስትና ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው አስተባባሪውን ጠየቅኩ። ከወንበሩ ወደኋላ ተደግፎ በትዕግሥት አስረዳኝ፤ ምስኪን፣ የማይገባኝ መስሎት ነው።

«ቀብር በእቅዳችን ውስጥ የለም። እኛ የምንሠራው ሕይወት ላይ ነው» አለኝ።

እሑድ የእድሩ ስብሰባ ነበር። ዶሮም ደብዳቤም ሳልይዝ ባዶ እጄን ሄድኩ። አባላቱ ሙስሊምም ክርስቲያንም ናቸው፤ ከሸዋ በር ውጭ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ከተደረደሩት የእድሩ ድስቶች አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ዳኛው ጡረታ የወጡ የመቶ አለቃ ናቸው። እማማ ተነሥተው ጥያቄያቸውን አቀረቡ። ዳኛው መታወቂያ ከሌለ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የታለ ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ ሰዉም ዞረ።

እኔ ዋስ እሆናለሁ አልኩ። አልተሰማም። ዳኛው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አስደገሙኝ።

«የየትኛው እድር አባል ነሽ?»

«የለኝም።»

ሳቁ ከፊት ጀምሮ እስከ ኋላ ሄደ። አንድ ሰው ከኋላ «ዋሷም ዋስ ያስፈልጋታል» አለ። እውነቱን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሎችን ሳቋቁም ሐረር ውስጥ ብሞት ጡሩምባ የሚያስነፋልኝ አንድ ሰው አልነበረኝም። አከራዬ ያስነፉልኝ ይሆናል፣ ክፍሉን ለማስለቀቅ።

በዚህ መሐል ማሽላ ከገጠር እያስመጣች ጊደር መጋላ ገበያ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ ተነሣች። ትልቁንም ትንሹንም አንተ የምትል ሴት ናት፤ ዳኛውንም አልማረቻቸውም።

«አቦ የመቶ አለቃ፣ የምን ደብዳቤ ነው የምትለው? እናቴ ስትሞት እኚህ ሴትዮ ሦስት ቀን ከጎኔ አልተነሡም። ቋንቋችንን አያውቁም፣ ሃይማኖታቸው ሌላ ነው። ያንተ ሚስት ስንት ሰዓት ተቀመጠች? ወላሂ ጫማዋን እንኳ በደንብ አላወለቀችም።»

የዳኛው ሚስት እዚያው ነበሩ፤ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ለወንድማቸው ያለቀሱት እኚህ ናቸው አሉ። አንዲት ወጣት እናት ደግሞ ልጇን ስታጣ ሳህን ያጠቡላት እሳቸው መሆናቸውን ተናገረች። ዳኛው ከዚህ በላይ ሰው እንዲነሣ አልፈለጉም መሰለኝ፣ ጸሐፊውን ጻፍ አሉት። መታወቂያው ቆይቶ ይምጣ ተባለ። ወደ እኔም ዞረው፣ አንቺም ለቅሶ መድረስ ተማሪ ብለው ዘጉት።

መሥሪያ ቤታችን በኋላ ይህን ሰማ። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ውስጥ እማማ ፎቶግራፋቸው ወጥቶላቸዋል፤ በተደረገላቸው የሥነ ልቦና ድጋፍ ማኅበራዊ ተሳትፏቸው ማደጉ ተጽፏል። እኔ አልጻፍኩትም፤ እንዳይጻፍም ግን አልተሟገትኩም።

የዚያን እሑድ እማማ ስማቸው የተጻፈበትን መስመር ጸሐፊው ሁለት ጊዜ እንዲያነብላቸው አደረጉ። ከዚያ ድንኳኑን አሳዩኝ አሉ። ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ነበር፤ ሁለት ጎረምሶች ዘረጉላቸው። ዙሪያውን እየዞሩ በእጃቸው ዳሰሱትና አንድ ክንድ የሚያህል ቀዳዳ አገኙ።

«ይሄ ያፈሳል» አሉ።

ዳኛው ክረምቱ ገና መሆኑን ነገሯቸው።

«እኔ የምሞትበትን ወር ነግሬዎታለሁ እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዳኛውም ጭምር። እማማ ግን አልሳቁም። መርፌና ወፍራም ክር አስመጡ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ የድንኳኑን አንድ ጫፍ ለእኔ አቀበሉኝ። ወጥሬ ያዝኩላቸው። ጥቂት ከሰፉ በኋላ ቀና ብለው አዩኝና፣ እንደ ሬሳ ተዝለፍልፈሽ አትያዢው፣ ወጠር አድርጊው አሉኝ።